ስለ አንድ የተነፈሰ ጎማና በሣር ውስጥ ስለ ጠፋ መንገድ

ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቀጋሜዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል መውጫ

ለተከበሩ አቶ መንበሩ
የቀጋሜዳ መምህራን ኮሌጅ የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ሣር ሳይታጨድ እንዲቀርልን ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። የዘንድሮው ክረምት በእኛ በኩል ጠንከር ማለቱን፣ ከጮቄ የሚወርደው ደመናም ከግቢያችን ላይ አልነሣም ብሎ መክረሙን ከቢሮዎ መስኮት ሳይመለከቱት አይቀሩም። እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያለ እርሱ በግቢያችን አንዳች ነገር የማይንቀሳቀሰው ክብ ማህተምዎ በሙሉ ጤንነት እንደ ከረማችሁ ተስፋዬ የጸና ነው።

በዝግ ፖስታ መቅረብ የሚገባውን ጉዳይ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከነሐሴ 13 ቀን ወዲህ በዝግ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። ሦስቱም ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤት ገቢ ሆነው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በፋይል ታስረው በክብር ተቀምጠዋል። ለዚህ አያያዝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በግቢያችን እንደ ደብዳቤ ተጠንቅቆ የሚያዝ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁምና። መልስ ግን ስላልመጣ፣ የቀረን ጊዜም የተማሪዎች ውጤት እስከሚዘጋበት እስከ ጳጉሜ 3 ቀን ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ አራተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ ቢያነበው ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢም እንዲከተለኝ ባጭሩ ላስረዳ። ከሉማሜ አካባቢ የመጣችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ዘመናይ ማየት የተሳናት ናት። ለመመረቅ የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነው። ያ ፈተና እኔ የማስተምረው ትምህርት ነው፤ ልኬትና ምዘና ይባላል። ዘመናይ ፈተናውን ሳትወስድ የቀረችው የኮሌጁ የሣር ማጨጃ ማሽን የፊት ግራ ጎማ ስለ ተነፈሰ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ ንባብ ትርጉም እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ለእኔም ትርጉሙ የተገለጠልኝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ እሾሁ

በግንቦት መጨረሻ በግቢያችን ችግኝ ሊተክሉ እንግዶች በመጡ ጊዜ፣ ችግኞቹ በፍየል እንዳይበሉ በቢሮዎ ትእዛዝ የአጋም ቅርንጫፍ ተቆርጦ ዙሪያቸው እንዲታጠር መደረጉን በአድናቆት አስታውሳለሁ። እንግዶቹ ተክለው፣ ፎቶ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ የተረፈው ቅርንጫፍ ሣሩ ውስጥ እንደ ተጣለ ቀረ። ሰኔ 3 ቀን የግቢያችን አትክልተኛ አያ አንሙት፣ ተቀምጠው በሚነዱት የማጨጃ ማሽን በዚያ ሲያልፉ፣ የጣት ርዝመት ያላት የአጋም እሾህ ጎማውን ወጋችው። አያ አንሙት እሾኋን ነቅለው በወረቀት ጠቀለሉና ለቢሮዎ አስረከቡ። እሾኋ ማስረጃ ናት ተብላ በፖስታ መታሸጓን ሰምቻለሁ። ጎማው ግን ተነፍሶ በነበረበት ቆመ።

፪. ስለ አመዘጋገቡ

ማሽኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርዳታ በመጣ ጊዜ፣ ቢሮዎ አራት ጎማ፣ አንድ መቀመጫና አንድ መሪ እንዳለው በጥንቃቄ አይቶ በተሽከርካሪ መደብ መዝግቦታል። ማንም ሰው ሊሳሳተው የማይችለውን ነገር በዚህ ያህል ትጋት ለመሳሳት ልምድ ያስፈልጋል፤ ለልምዱ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ። በመመሪያው መሠረት የተሽከርካሪ ጎማ የሚጠገነው ወይም የሚቀየረው የተጓዘው ኪሎ ሜትር ተመዝግቦ ሲቀርብ ነው፤ ለመቀየር የተወሰነውም አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ማጨጃው ደግሞ የሠራበትን ሰዓት እንጂ የሄደበትን መንገድ አይቆጥርም። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ታጣ። ቅጹ ስላልተሞላም ጎማው አልተጠገነም።

ሰኔ 6 ቀን በራሴ ተነሣሽነት ከግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ከዋናው መንገድ ዳር ወደሚሠራው ጎሚስታ ወደ ደመላሽ ዘንድ ሄድሁ። መጠኑን በእጄ ሳሳየው «ይኸማ የጋሪ ጎማ ማለት ነው፤ ያምጡልኝና የያዙትን ሻይ ሳይጨርሱ ለጥፌ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ማሽኑ ሰሌዳ ስለሌለው ከበር መውጣት እንደማይችል፣ ጎማው ተፈትቶ ለብቻው እንዲወጣ ደግሞ ነገሩ ንብረት መበተን ስለሚሆን ኮሚቴ መሰብሰብ እንዳለበት በትዕግሥት አስረዳሁት። ደመላሽም የያዘውን ጎማ ትቶ ቀና አለና «እሾሁን የነቀለውም ኮሚቴ ነው እንዴ መምህር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን ይዤ ወደ ግቢ ተመለስሁ።

፫. ስለ ኮሚቴው፣ በተለይም ስለ ጸሐፊው

ኮሚቴው ሰኔ 17 እና ሐምሌ 2 ቀን ሁለት ጊዜ ተሰብስቧል። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከሳሽ ብቻ ሆኜ እንዳልታይ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ የጠፋውን የኪሎ ሜትር ቁጥር በስሌት ላገኘው እንደምችል ሐሳብ አቀረብሁ። ማሽኑ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሣሩ ወራት በሳምንት ስድስት ሰዓት፣ በዓመት ሃያ ሳምንት ይሠራል። ስለዚህ በዓመት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ስልሳ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጅበታል። ስሌቱን በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዝሁት። አባላቱ አመሰገኑኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ለሃያ ደቂቃ ሥራ የስልሳ ስድስት ዓመት መልስ ማግኘቴ እንደ ቀልድ እንኳ አልታየኝም፤ የታየኝ የስሌቱ ጥራት ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ ደመላሽ መንፊያውን ይዞ ወደ ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ የውጭ ባለሙያ ከሦስት ተወዳዳሪዎች ተመርጦ እንጂ እንዲሁ እንደማይገባ አስታወስሁና «ለጥንቃቄ ሲባል ጉዳዩ ይጠና» የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ጻፍሁ። እርስዎም ፈረሙበት። ስለ ፊርማዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ።

ሣሩ በዚህ መካከል ጉልበት ደረሰ።

፬. ስለ ማጭዱ

ሐምሌ 5 ቀን አያ አንሙት ከቤታቸው ማጭድ ይዘው መጡ። ስለታም መሣሪያ ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክለውን ማስታወቂያዎን በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች በሚገባ አንብበውታልና ማጭዱን ተቀብለው ደረሰኝ ሰጧቸው። ማስታወቂያው በመከበሩ እንኳን ደስ ያለዎ። አትክልተኛ ያለ ማጭድ፣ ማጨጃ ያለ ጎማ፣ ሜዳውም ያለ ባለቤት ሐምሌን ጨረሰ።

፭. ስለ ሐምሌ 23 ቀን

ከዚህ በታች ያለውን በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ጠዋት ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ፈተናው በሦስት ሰዓት ተጀመረ። ዘመናይ የምትፈተነው ከአዳራሹ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ ጥያቄውን የሚያነብላት ባልደረባዬ ሙሉብርሃን ወረቀቱን ይዞ እየጠበቃት ነበር። ብትዘገይ የምትረብሸው ሌላ ተማሪ በክፍሏ አልነበረም። ደንቡ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ የዘገየ ተማሪ አይገባም ይላል። ዘመናይ በሩ ላይ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ላይ ነው። ልብሷ ሁሉ በውኃ ርሷል፤ በነጭ በትሯ ላይ ሣር ተጠምጥሞበታል።

«መምህር፣ ሣሩ ውስጥ ጠፋሁ» አለችኝ።

በዓመት ብዙ ሰበብ እሰማለሁ። ይህን ግን ሰምቼው ስለማላውቅ አላመንሁትም። ሰዓቴን አየሁ። ሙሉብርሃን ወረቀቱን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ «ደንቡ ሠላሳ ነው» ስል ተመልሶ ተቀመጠ። ዘመናይ አልተከራከረችም። «እሺ መምህር» ብላ ቆመች፤ ወዴት እንደምትዞር ግራ እንደ ገባት የተረዳሁት አሁን ነው። በሩን የዘጋሁት እንዳይጮኽ ተጠንቅቄ ነው።

ከማደሪያዋ የወጣችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ነበረ ኋላ አረጋግጫለሁ። በእርሷ እርምጃ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የሆነውን መንገድ ለመሄድ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ወስዶባታል። ሌላ ትምህርት የሚያጠኑ የማደሪያ ጓደኞቿ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ እጇን ይዘው ይመሯት ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የእነርሱ ፈተና ቀድሞ ጀምሮ ነበር። በሣሩ መካከል ሁለት ጊዜ ተጣርታለች። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርድ ስለነበር ማንም አልሰማትም። ሐምሌ 28 ቀን ትምህርቷን ማቋረጧን የሚገልጸውን ቅጽ በጓደኛዋ እጅ አስሞልታ ወደ ሉማሜ ተመለሰች። እኔ ቅጹን በሌሎች ሃያ ቅጾች መካከል አየሁት፤ «ምክንያት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ «የግል» ተብሎ ተጽፏል።

፮. ስለ ጎማው መጠገን

ነሐሴ 8 ቀን ጎብኚዎች እንደሚመጡ በተነገረ ጊዜ ያሳዩት የአመራር ብቃት ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። ነሐሴ 7 ቀን ጠዋት በአንድ የስልክ ጥሪ፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ኪሎ ሜትር፣ ያለ ሦስት ተወዳዳሪ፣ ደመላሽ መንፊያውን ይዞ በዋናው በር ገባ። ቆሜ ሰዓት ያዝሁለት፤ ጎማውን ፈትቶ፣ የውስጡን ለጥፎ፣ ነፍቶ እስኪመልሰው አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀበት። ሻይ አልያዝሁም ነበር። ከዚያም «እንደ ምንጣፍ ወጥ ይሁን» የሚል ትእዛዝዎ መጣና አያ አንሙት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እኩል አጨዱት። ጎብኚዎቹ ሲያደንቁት ሰምቻለሁ። እኔም አደነቅሁ። የሣሩ ወጥነት ምን እንዳጠፋ የሚነግረኝ ሰው ገና አላገኘሁም ነበርና።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቋርጥ ይፍቀዱልኝ። ቀጥሎ ያለው በተራ ቁጥር አልገባ ብሎኛል።

ነሐሴ 12 ቀን በሚኒባስ ወደ ሉማሜ ሄድሁ። ለምን እንደ ሄድሁ ብጠየቅ በሚገባ ማስረዳት አልችልም፤ «ሣሩ ውስጥ ጠፋሁ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። የዘመናይ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ የፍልሰታ ጾም ስለነበረ ንፍሮ አቅርበው፣ እንደ እንግዳ አክብረው አስቀመጡኝ። ከተቀመጥሁ በኋላ ነው የተናገሩኝ። «ልጄ ወደ እናንተ ስትመጣ ሰው መርቷት መጣች። እዚያ ብቻዋን መሄድ ቻለች አሉኝ፣ እልል አልሁ። አሁን ደግሞ ሰው መርቷት ተመለሰች። ሦስት ዓመት ያስተማራችኋት ምኑን ነበር መምህር?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉት ይቀለኝ ነበር።

ዘመናይ ከጓሮ በታናሽ እህቷ ትከሻ ላይ እጇን አድርጋ መጣች። በግቢያችን ብቻዋን በትሯን እያወዛወዘች ስታልፍ ሦስት ዓመት ያየኋት ልጅ ናት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከቤታቸው ፊት ያለው ሜዳ ሣሩ አጭር መሆኑን ተናገርሁ። ሳቀችና «እዚህ የምታጭደው ላም ናት መምህር፤ ቃለ ጉባኤ አትጠይቅም» አለችኝ። እናቷም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።

ከዚያ ነው ስለ መንገዱ የነገረችኝ። አያ አንሙት ገበሬ ሳሉ በማሳቸው ላይ የዝናብ ውኃ የሚያስወጣ ፈሰስ በሞፈር ያወጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በአንድ ሜዳ ላይ ሌላው የማያየውን መስመር ማስመር ያውቁበታል። ዘመናይ አንደኛ ዓመት ሳለች ከማደሪያዋ እስከ መማሪያ ክፍሎቹ መንገዱ እንደሚጠፋባት አንድ ቀን በጨዋታ መካከል አነሣችባቸው። ከሳምንት በኋላ በስተቀኟ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ሣር ሳይታጨድ ቀርቶ አገኘችው። አጭሩን በእግሯ እየረገጠች፣ ረጅሙን በበትሯ እየዳሰሰች እስከ ክፍሏ ደጃፍ ደረሰች። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ እቅፍ የሚያህል ሣር ክብ ሆኖ ይተውላት ነበር። «ያችን የአያ አንሙት ጎፈሬ እላታለሁ፤ እሷን ስነካ ወደ ግራ እዞራለሁ» አለችኝ። ማሽኑ በየሳምንቱ መንገዷን እንደ አዲስ ያወጣላት ነበር። ጎማው በተነፈሰ በሦስተኛው ሳምንት አጭሩና ረጅሙ ሣር እኩል ሆኑ።

እኔ ያንን ሜዳ ለዐሥራ አራት ዓመታት ስሻገር ኖሬአለሁ። ያ ያልታጨደ ሰቅ፣ ቀጭኑ የሣር መስመር፣ ይታየኝ ነበር። ባለፈው ዓመት የአትክልተኛውን የሥራ አፈጻጸም እንድገመግም ስታዘዝ «የአጨዳ ወጥነት ይጎድላቸዋል» ብዬ ጽፌ ከአምስት ሦስት ነጥብ የሰጠሁት ያንን አይቼ ነው። የማስተምረው ትምህርት ልኬትና ምዘና መሆኑን ከላይ ገልጫለሁ።

ከመሄዴ በፊት ዘመናይን ድጋሚ ፈተና ባስፈቅድላት ትመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ተመርቼ አልመጣም። መንገዴን ያስመልሱልኝና ብቻዬን ሄጄ እፈተናለሁ» አለችኝ። ከዚህ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

በተመለስሁ ማግስት አያ አንሙትን አግኝቼ ነገሩን ለምን ለማንም እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። «ብናገር ጠማማ አጨድኽ ብለው ይቀጡኝ የለ? ዝም ብዬ ብሠራው ግን መንገድ ሆኖ ይኖራል ብዬ ነዋ» አሉኝ። ነሐሴ 7 ቀን ሁሉን ለምን እኩል እንዳጨዱትም ጠየቅሁ። ዐይናቸውን ወደ ሜዳው አድርገው «ልጅቱ ከሄደች ለማን ብዬ ላስተርፈው?» አሉ። ስማቸውን በዚህ ደብዳቤ እንድጠቅስ ፈቃዳቸውን ጠይቄ «ጻፈው፤ ማጭዴን እንደሁ ወስደዋል» ብለውኛል።

ወደ ቁጥሬ እመለሳለሁ።

፯. ስለ ድጋሚ ፈተናው

ፈተና ክፍሉ ድጋሚ ፈተና የሚያስፈቅዱት ምክንያቶች ሦስት መሆናቸውን በትሕትና ገልጾልኛል፦ ሕመም፣ ወሊድና ሐዘን። ዘመናይ አልታመመችም፤ አልወለደችም። በሐዘን በኩል ማመልከት ይቻል እንደሆነ ስጠይቅ የሟች ስም ያስፈልጋል ተባልሁ። በመጨረሻ ግን የክፍሉ ባልደረቦች መውጫ አገኙልኝ፤ የግቢው መተላለፊያ ከሰኔ 3 እስከ ነሐሴ 7 ቀን ድረስ በማሽን ብልሽት ምክንያት ሳይታጨድ መቆየቱን የሚገልጽ የአንድ መስመር ደብዳቤ ከእርስዎ ቢጻፍ ተቀብለው እንደሚፈትኗት ቃል ገብተዋል። ቢሮዎ ይህን ደብዳቤ ሊጽፍ አልቻለም። ምክንያቱንም ሳይደብቅ ነግሮኛል፤ ባቀረባችሁት የሩብ ዓመት ሪፖርት የግቢ ማስዋብ ሥራው መቶ በመቶ ተከናውኗል ተብሎ ተልኳል። አንዲት ልጅ ደረቷ ድረስ በደረሰ ሣር ውስጥ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ የተዟዟረችው መቶ በመቶ በታጨደ ሜዳ ላይ መሆኑን በማወቄ ለሪፖርቱ ጥንካሬ ያለኝ አድናቆት ጨምሯል።

፰. ስለ ማስጠንቀቂያው

ነሐሴ 18 ቀን አያ አንሙት ሲያጭዱ፣ ከሴቶች ማደሪያ እስከ መማሪያ ክፍሎቹ ድረስ ያንን ሰቅ እንደ ቀድሞው አስቀሩት። ያስቀሩት በእኔ ልመና ነው። በማግስቱ ቢሮዎ «ሥራን በከፊል ሠርቶ መተው» በሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ ሰቁም ወዲያው እንዲታጨድ አዘዘ። ሲያጭዱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወደ መታጠፊያው ሲደርሱ ማሽኑን አቁመው፣ ወርደው፣ ያችን ክብ ሣር ጥቂት አዩዋትና ተመልሰው ወጡ። በሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ላይ አንዲት የሣር ቅጠል አላፈነገጠችም። የዚህ ዓመት የወጥነት ነጥባቸው ከአምስት አምስት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

እንግዲህ፣ የተከበሩ ዳይሬክተር፣ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጎማው ተነፍሶ እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮሌጁ አንድም ነገር እንዲገዛ፣ እንዲሠራ ወይም እንዲያሠራ አይጠይቅም፤ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ሣር እንዲተው ብቻ ነው። ምንም አለማድረግን የሚጠይቅ ማመልከቻ ለእርስዎ ቢሮ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቢሮው በዚህ ረገድ ካለው ልምድ አንጻር እንደማያቅተው አምናለሁ።

እነዚህ ሁለቱ ከጳጉሜ 1 ቀን በፊት ቢፈጸሙ፣ ዘመናይ በማግስቱ በራሷ እግር መጥታ ልትፈተን ትችላለች። በሩን እኔ እከፍትላታለሁ። በዚያች አራት ደቂቃ ያደረግሁትን በተመለከተ ደግሞ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የራሴን ክስ ጽፌ አስገብቻለሁ። ደንብ አለመጣሴ ስለ ተረጋገጠ ክሱ ውድቅ ሆኖ በትናንትናው ዕለት ተመልሶልኛል። ቅጣት ቢሰጠኝ ኖሮ ምን ያህል እንደሚቀለኝ ለመገመት ሞክሬ አልቻልሁም።

በመጨረሻም፣ ውድ ጊዜዎን በሣር ጉዳይ ስላባከንሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ቢሮዎ እንደ ሜዳችን ለዘለዓለም ወጥ ሆኖ እንዲኖር፣ በመንገድዎም ላይ እሾህ እንዳይገጥምዎ፣ ቢገጥምዎም የሚነቅልልዎት ሰው ቅጽ የማይጠይቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ያለኝን የማያወላውል አክብሮት በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

ጸጋው ዘማርያም
የሒሳብ መምህር፣ የንብረት ኮሚቴ ጸሐፊ
(ፊርማ እንጂ ማህተም የሌለው)

ግልባጭ፦
ለፈተና ክፍል
ለአቶ አንሙት የግል ማህደር፣ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ እንዲያያዝ
ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሉማሜ፤ የሚያነብላቸው ሰው ካለ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳበቃ ዘመናይ በእናቷ ስልክ ደወለችልኝ። አያ አንሙት ማስጠንቀቂያ እንደ ደረሳቸው ከማደሪያ ጓደኛዋ ሰምታለች። «እኔ አልመጣም መምህር፤ በእኔ የተነሣ ሰው ከእንጀራው አይነሣ። ግን ለመስከረም እንደኔ ያሉ ሁለት ልጆች ተመድበዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ለእነሱ ያስተርፉላቸው» ብላ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው። ደግሜ ብደውል አላነሣችም። ስለዚህ ከላይ የጠቀስሁት የጳጉሜ ቀነ ገደብ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩልዎ ነገር የለም። ኮሚቴው ጉዳዩን በሰፊው ሊያጠናው ይችላል። ቃለ ጉባኤውን የሚጽፍ ሰው ግን ሌላ ይፈልጉለት።